ለሁሉም ሲንክ አንድ በረኪና? ከደብረ ብርሃን የተነሣው ሙግት

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው ደብረ ብርሃን የምትኖር ሴት ናት። በዓል በመጣ ቁጥር የሦስት ቤት ወጥ ቤት የሚጸዳው በእሷ እጅ ነው። የተከራየችው ቤት ሲንክ ስቴንለስ ነው። ሸዋ ሮቢት ያሉት እናቷ ቤት በሲሚንቶና በእብነ በረድ ጠጠር ተሠርቶ የተወለወለ የጥንት ገንዳ አለ። ታላቅ እህቷ ደግሞ አዲስ በሠራችው ቤት ጥቁሩን፣ ሻጮች ግራናይት የሚሉትን አስገብታለች። ለሦስቱም መድኃኒቷ አንድ ነው። ማታ በረኪና ሳትበርዝ ታፈስበታለች፣ ጠዋት በውሃ ታጥበዋለች። ዘንድሮ ግን የራሷ ሲንክ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። የእህቷ ጥቁር ሲንክ ነጣ አለ። የእናቷ ገንዳ መልኩ ደህና ነው፤ ሽታው ግን አልለቅ ብሏል። ጥፋቱ የበረኪናው ነው ወይስ የሲንኮቹ? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር የተደረደረው መልስ፣ ረዥም ነው። የማይረባውን እየዘለልኩ ልንገራችሁ። ሰዎቹ የተጣሉበት ቦታ ላይ ግን ቆም ማለቴ አይቀርም፤ ጥሩ ጥሩው ነገር የወጣው ከጠቡ ነውና።

መልስ 1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ እህቴ እያለ፣ ጥፋቱን በረኪናው ላይ ጣለ። ገበያ ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን ትታ፣ መጠኑና የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን እንድትገዛ መከራት። ምክሩ አይከፋም። በረኪና ሲቆይ፣ በተለይ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው፣ ኃይሉ ይደክማል። ግን የተጠየቀው ሌላ ነው። የደከመ በረኪና ጀርም መግደል ያቅተው ይሆናል እንጂ ሲንክ አያበላሽም።

መልስ 2. ላርጎ እንደሚበቃ በአንድ መስመር ጽፎ ሄደ። ይህን ሰው ልብ በሉት፤ ያለ ብዙ ወሬ ግማሽ እውነት ተናግሯል።

መልስ 3. ነገሩ ፈር የያዘው እዚህ ጋ ነው። በብረት ብየዳ የሚተዳደር አንድ ሰው ስቴንለስ ለምን እንደማይዝግ ከሥሩ አስረዳ። ስቴንለስም ያው ብረት ነው። ልዩነቱ ክሮሚየም መቀላቀሉ ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ። ለጥሩ ሲንክ የሚመረጠው 304 የሚባለው ዓይነት ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ ይሠራል። ዝገትን የሚመክተው እሱ ነው። ልባሱ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ጠላቱ ክሎሪንና ጨው ናቸው። የተበረዘ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ቢያርፍበት ምንም አይሆንም። ያልተበረዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲተኛበት ግን ልባሱን በነጥብ በነጥብ እየበሳ ይገባል። ውሃ በሚያቁርበት በማጣሪያው ዙሪያ ደግሞ ይብሳል።

ቀጥሎ እሷን መልሶ ጠየቃት። ሲንኩን በብረት ሽቦ ትፈገፍጊው ነበር ወይ ነው ጥያቄው። የሽቦው ብናኝ ሲንኩ ላይ ይቀራል። ስቴንለሱ ሳይዝግ ብናኙ ይዝጋል፤ ባለቤቱ ግን ሲንኬ ዛገ ይላል። መለያውንም ነገራት። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ፣ እንደ በሶ ጠንከር አድርጎ መለወስ። በለስላሳ ጨርቅ ነጠብጣቡ ላይ ማሸት። ስቴንለስን ቀረብ ብሎ ላየው በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ እጅ መሄድ ያለበት በዚያው አቅጣጫ ነው። አቋርጦ ያሸ ሰው ብርሃን ሲያርፍበት የሚታይ ጭረት ይተዋል። ከዚያ ማለቅለቅና በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ነጠብጣቡ ከለቀቀ የሽቦ ዝገት ነበር ማለት ነው። ጥፍር ሲዳብሰው የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ግን በረኪናው በልቶታል። እሱ አይመለስም።

መልስ 4 እና 5. አራተኛው የማግኔት ወሬ ይዞ መጣ። ማግኔት ካልሳበው ኦሪጅናል ነው፣ ከሳበው ፎርጅድ ነው ባይ ነው። ይህን ወሬ ዕቃ ቤት የገባ ሁሉ ሰምቶታል። አምስተኛው አረመው። 304ን ማግኔት አይስበውም፣ ቢስበውም እምብዛም ነው፤ ይህ ልክ ነው። ግን ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የበዛበትን፣ ርካሹንና ቶሎ የሚዝገውን 201ንም አይስበውም። በሌላ በኩል 430 የሚባለውን ይስበዋል፤ እሱም ስቴንለስ ነው። ስለዚህ ማግኔት ይዞ ገበያ መውጣት ብዙም አያዋጣም። እርማቱ ትንሽ ኩራት ነበረበት። አራተኛውም ሳይመልስ አልቀረም፤ ለሰው ትምህርት ሲሰጥ ትሕትና እንደሚያስፈልግ በትሕትና በጎደለው ቋንቋ ጻፈ።

መልስ 6. ጠያቂዋ ተመለሰች። ሽቦ እንደምትጠቀም አልካደችም። የሶዳውን ነገር ሞክራው ብዙው ነጠብጣብ ለቋል። ማጣሪያው አጠገብ ያለው ግን በጥፍር ይዳሰሳል። የሽቦዋን ነገር ተወችው፤ የእናቷ ገንዳ ለምን እንደሚሸትና የእህቷ ሲንክ ለምን እንደነጣ ግን ማንም አልነገረኝም ስትል አስታወሰች።

መልስ 7. ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ገባ። ለኔ ከክሩ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ማጽዳት አንድ ሥራ ነው፣ ጀርም መግደል ሌላ ሥራ ነው ይላል። ሳሙና ስቡንና የምግብ ትርፉን ከነጀርሙ አንሥቶ በውሃ ይሸኘዋል። በረኪና ምንም አያነሣም፤ ሥራው መግደል ብቻ ነው። ስብና ሊጥ የለበሰ ሲንክ ላይ ሲፈስ ደግሞ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ጨርሶ ጀርሙን ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ በቅድሚያ በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ የተበረዘ በረኪና ማዳረስ፣ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ እንደረጠበ ማቆየት፣ በመጨረሻ በደንብ ማለቅለቅ። ልኩንም ጻፈ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያፈርሰዋል፣ ሽታውንም አፍንጫ ላይ ያመጣዋል።

አንድ ነገር ጨመረ፤ ይህን ብዙ ሰው አላነበበለትም መሰለኝ። በየቀኑ በረኪና አያስፈልግም። ጎመንና ድንች ለታጠበበት ሲንክ ሳሙና ይበቃዋል። በረኪና የሚመጣው ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል ሲነካው፣ አለዚያም ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲኖር ነው። ሁለተኛውን መላሽ ያስታወስኳችሁ ለዚህ ነው።

መልስ 8. ጠቡ ተጀመረ። አንዱ ወጥ ቤት ከመቼ ወዲህ ሆስፒታል እንደሆነ ጠየቀ። እናቶቻችን በአመድና በቃጫ እየፈገፈጉ እንዳሳደጉን፣ በሲንክ የሞተ ሰው እንደማያውቅ፣ ይህ ሁሉ የበረኪና ነጋዴ ወሬ እንደሆነ አተተ። ብዙ ላይክ አገኘ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሁልጊዜ ያገኛል።

መልስ 9. ስምንተኛውን በግማሽ ደገፈው፣ በግማሽ ነቀፈው። አመድ በውሃ ሲበጠበጥ ስብ እንደሚቆርጥ እውነት ነው። ግን ለስላሳ አይደለም፤ ስቴንለስን ይጭራል። ቱቦ ውስጥ ከስብ ጋር ሲገናኝም ይረጋል። እናቶቻችን ደግሞ ቱቦ አልነበራቸውም፤ በሳፋ አጥበው እጣቢውን ጓሮ ይደፉ ነበር። ዛሬ እጣቢው እዚያው ሲንኩ ሥር ነው የሚያድረው።

መልስ 10. የጤና ባለሙያው ተቆጣ። ተቅማጥ ስንቱን ሕፃን እንደወሰደ የሚረሳ ሰው ብቻ እንዲህ እንደሚጽፍ ተናገረ። በዚያው ንዴት፣ ሰው ሁሉ ዶሮ ሲንክ ውስጥ ማጠብ ማቆም እንዳለበት ጨመረ። ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ዶሮው ላይ ሲነጥር እነሱን ይዞ ሰሃኑ ላይ፣ ሰላጣው ላይ፣ ልብስ ላይ ያርፋል። ሎሚና ጨው አይገድላቸውም። የሚገድላቸው እሳት ነው፤ የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሲደርስ ያበቃላቸዋል። የዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው የሚንተከተከው። ታዲያ መታጠቡ ለምን?

አለቀ። ይህን በሰሜን ሸዋ ሰው ፊት መጻፍ ድፍረት ነው።

መልስ 11. ደብረ ሲና ያሉ እናት ጻፉ። ልጄ እያሉ ነው የጀመሩት፤ የጨረሱት ግን በልጄ አይደለም። ዶሮ ተቃጥላ፣ ጸጉሯ ተለቅሞ፣ 12 ብልቷ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ካልታጠበች እሳቸው ቤት እንደማትገባ አስታወቁ። የሱ እናት ሳያጥቡ አብልተውት እንደሆነም ጠየቁ።

መልስ 12 እና 13. ሁለቱም እናትየውን ደገፉ። አንዷ ሳይታጠብ የተሠራ ዶሮ ሽታው ከደጅ እንደሚጠራ ጻፈች። ሌላው ነገሩን ወደ ሃይማኖት ሊወስደው ሲል አስተባባሪው አቆመው። ደግ አደረገ።

መልስ 14. አስታራቂዋ ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። እትዬ ብላ ለእናትየው ክብራቸውን ሰጠች፤ የጤና ባለሙያውንም አልነካችም። ዶሮ መታጠቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ክርክሩ እንዴት ይታጠብ መሆን እንዳለበት ጻፈች። እሷ የምታደርገው ይህ ነው። ጥልቅ ሳፋ ትይዛለች። ውሃውን አስቀድማ ትሞላለች፤ ዶሮው ላይ ቧንቧ አትከፍትም። ብልቱን ውሃው ውስጥ ጠልቃ በእጇ ታሻለች፣ ከፍ አድርጋ አታራግፍም። እጣቢውን ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ወደ ማፍሰሻው አስጠግታ ትደፋለች። በአካባቢው የተቀመጠ ሰሃንና ሰላጣ አስቀድማ ታነሣለች። ሲያልቅ ሳፋውን፣ ቢላውን፣ መክተፊያውንና ሲንኩን በሳሙና፣ ከዚያ በተበረዘ በረኪና። አንድ የሚረሳ ቦታም አሳየች፤ የቧንቧው መክፈቻ። ዶሮ በነካ እጅ ይከፈታል፣ በታጠበ እጅ ይዘጋል። ሲንኩ ጸድቶ እጁ እንደገና ይቆሽሻል። ከዚህ በኋላ ስለ ዶሮ የጻፈ የለም። እናትየው ብቻ የምርቃት ቃል ትተውላታል።

መልስ 15. ወሬው ወደ ቱቦ ሄደ። መሐል ሜዳ የሚኖር ሰው በግ በታረደ ማግስት ሲንኩ እንደሚዘጋበት ጻፈ። የመንዝ በግ ላቱ ወፍራም ነው። የላቱ ስብ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርድና ቱቦ ውስጥ ብርዱ ሲያገኘው ይረጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲጠነክር ደግሞ አይጣል ነው። የሚያደርገው የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነው።

መልስ 16፣ 17 እና 18. የፈላ ውሃው ሌላ ሙግት አመጣ። አንዱ የፈላ ውሃ ካለ በረኪና አያስፈልግም አለ። ሌላው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 90 አካባቢ እንደሚፈላ አስታወሰ፤ ስለዚህ አይገድልም ባይ ነው። ሦስተኛው ስሌቱን ተቀብሎ መደምደሚያውን ናቀ። 90 ዲግሪም ለአብዛኛው ጀርም ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ከፍታው አይደለም። የተፈላው ውሃ የቀዘቀዘ ብረት ላይ ሲፈስ ሙቀቱን ወዲያው ይጥላል፣ ከዚያም ወርዶ ይሄዳል። ሲንክ ድስት አይደለም፤ እያፈላ አያቆየውም። ሥጋ ቤት ያለው ይመስላል ይሄ ሰውዬ፤ የሚቆርጠው አጥንት አያስቀርም።

መልስ 19. ቧንቧ ሠራተኛው ሲገባ ሁሉም ጸጥ አለ። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ የፈላ ውሃ ደጋግሞ ሲፈስበት ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያው ይጣመማል፣ ከዚያ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ሞቅ ያለ ውሃና ላርጎ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስቡን አለማፍሰስ ነው። ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በደረቀ እንጀራ ጠርጎ ስቡን መጣል። የቡሃቃ እጣቢም እንዲሁ፤ ሊጡ ታች ሄዶ ይደርቃል። የጀበና አተላም ከስቡ ላይ እየተለጠፈ ያጠናክረዋል። የተዘጋውን ለመክፈት አሲድ ከመግዛት ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ሥር ያለውን የታጠፈ ቱቦ፣ መፍታት ይቀላል። ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል። ቀለበቱ በእጅ ይፈታል። መጀመሪያ የቆመው ውሃ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጥቁር የረጋ ዝቃጭ። እሱን በቀጭን ብሩሽ ጠርጎ፣ ጎማዋ ቦታዋን መያዟን አይቶ፣ በእጅ ብቻ ማጥበቅ። በቁልፍ ያጠበቀ ቀለበቱን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ጠያቂዋ ያነሣችውን ሽታ አስመልክቶ አንድ ነገር ጠየቃት። የእናትሽ ገንዳ ሥር ሲፎን አለ ወይ? ሲፎን የታጠፈው ቱቦ ነው። መታጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል፤ ከታች የሚመጣውን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ሲንኩ ሳይነካ ከቆየ ያ ውሃ ይተናል፣ ሽታውም መንገድ ያገኛል።

መልስ 20. መልሷ አስገራሚ ነበር። የጎረቤት ልጅ ጎንበስ ብሎ አይቶላት ነበር፤ ሲፎን የሚባል ነገር የለም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ያ ሁሉ በረኪና ሽታውን ለጊዜው ከመሸፈን ሌላ ምንም አልፈየደም ማለት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲፎን እንድታስገባ፣ እስከዚያው ማፍሰሻውን በውታፍ እንድትዘጋው መከረ።

መልስ 21. አንዲት መልካም ሴት ለእናትየው ገንዳ ሎሚና አቼቶ አዘዘች። እሷ ስቴንለሷ ላይ ነጭ የውሃ ቅሪት ሲወጣ በዚያ ነው የምታስለቅቀው፤ ያበራላታል።

መልስ 22. ቶሎ ታረመች፤ ጥሩ ሆነ። ለስቴንለስ ልክ ነው። ለሲሚንቶና ለእብነ በረድ ግን ሎሚ ምሱ አይደለም። ሁለቱም ኖራነት አላቸው፤ አሲድ ይበላቸዋል። አንድ ግማሽ ሎሚ ተገልብጦ እብነ በረድ ላይ ቢረሳ፣ ሲነሣ ክብ ጠባሳ ትቶ ነው። ውልውላቱ የተበላ ገንዳ ደግሞ ሻካራ ይሆናል፣ ቆሻሻ ይይዛል። ለእሱ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ፣ ሲያስፈልግ የተበረዘ በረኪና ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ብዙ ውሃ።

መልስ 23. አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ የሚወጣው አረፋ ሁሉን ያጸዳል ያለ ሰው መጣ። የብየዳው ሰው በሁለት መስመር መለሰለት፤ አረፋው ሁለቱ ሲጠፋፉ የሚወጣ አየር ነው፣ የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሶዳውን ለብቻው፣ አቼቶውን ለብቻው መጠቀም ይሻላል።

መልስ 24. ቀልዱ ሳይመጣ አልቀረም። የደብረ ብርሃን አረቄ እያለ በረኪና ፍለጋ መዞር ምን ይባላል የሚል ነው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንዱ ግን ከልቡ ወስዶት መለሰ። አልኮል ጀርም የሚገድለው 60 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ የተለመደው 70 ነው። ዳግም አረቄ እንኳ እዚያ አይደርስም። ሌላው ተቀብሎ፣ ቢደርስም ኖሮ ሲንክ ላይ የሚያፈሰው ሰው እንደማይገኝ ጻፈ።

መልስ 25. ከዚህ በኋላ ሳቁ ቆመ። አንድ ወጣት በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ቀላቅሎ እንደሚጠቀም፣ ሲንኩ በረዶ እንደሚመስል፣ ትንሽ ጉሮሮ ከማቃጠሉ በቀር ችግር እንደሌለው ጻፈ።

መልስ 26. የጤና ባለሙያው ያን ያህል ተቆጥቶ አያውቅም። የዶሮው ጊዜ ቁጣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ፍቅር ነበር። ጉሮሮውን ያቃጠለው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጁበት። በ1915 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ጀርመኖች ለቀቁት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ እሱን ይለቃል። ከአቼቶና ከሎሚ ጋርም እንዲሁ፤ የመጠኑ ጉዳይ ነው እንጂ። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩን የሚያከፋው ብርዱ ነው፤ መስኮትና በር ተዘግቶ ነው የሚታጠበው። የደረሰበት ሰው ሊያፈሰው ወይም ሊያጥበው አይሞክር። ጥሎ ይውጣ፣ በሩን ይክፈት፣ ዓይኑ ከተቃጠለ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ጋ ይሂድ። ልጁን ከዚህ ወዲያ ያለው ስድብ ነበር። አስተባባሪው ስድቡን አጥፍቶ ምክሩን ተወው። እኔ ብሆን ስድቡንም ልተወው እችል ነበር።

መልስ 27. የግንባታ ዕቃ ሻጭ ነው። በመጨረሻ የእህትየዋን ጥቁር ሲንክ ያስታወሰ ሰው ተገኘ። ግራናይት የሚባለው ከተራራ የተቆረጠ ድንጋይ አይደለም። 80 በመቶ ገደማው የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ቀሪው አክሪሊክ ሙጫ። ሙጫው ነው ከበረኪና ጋር የማይስማማው። የነጣው ግን ሁልጊዜ በበረኪና ላይሆን ይችላል። ጥቁር ላይ የውሃ ኖራ ሲደርቅም እንዲሁ ይነጣል። መለያው በግማሽ ውሃ የተበረዘ አቼቶ ነው። በረኪናው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ከሄደ በኋላ፣ ጨርቅ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ማልበስና ማለቅለቅ። ከለቀቀ ኖራ ነበር። ካልለቀቀ ሙጫው ተጎድቷል። ይህን ሰውዬ ያመንኩት ሊሸጥ ባለመሞከሩ ነው። አዲስ ግዙ አላለም።

መልስ 28. ነጭ ሴራሚክ ሲንክ ያላት ሴት ግራጫ ጭረት በዛብኝ ብላ ገባች። ጭረት እንዳልሆነ ነገሯት። የአሉሚኒየም ድስት ሲጎተት የራሱን ብረት ነው ትቶ የሚሄደው፤ እርሳስ ወረቀት ላይ እንደሚያደርገው። በቤኪንግ ሶዳ ይለቃል። በውርጭ ጠዋት ግን የፈላ ውሃ እንዳትደፋበት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መልስ 29. አንኮበር ያሉ አዛውንት የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል እንደሚታጠብ ጠቅሰው ሲንክም ለምን አይታጠብም አሉ። ማንም ሊቃወማቸው አልፈለገም። ቧንቧ ሠራተኛው ብቻ፣ አባባ ቅጠሉ ቱቦ ውስጥ እንዳይገባ አደራ ሲል በትሕትና ለመነ።

መልስ 30. ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ይህን ሁሉ ማለቅለቂያ ከየት እናምጣ የሚል ቅሬታ ቀረበ። እዚህ ጋ ክሩ ወደ ሮቶና ወደ ጀሪካን ሄዶ ብዙ ቆየ። ለጥያቄው የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ ሲያጥር የሚቀነሰው በረኪናው ነው፣ የማለቅለቂያው ውሃ አይደለም።

መልስ 31. ስፖንጁን ማንም አላነሣውም አለች አንዷ። ልክ ናት። ሲንኩ ጸድቶ እርጥብ ስፖንጅ ጥጉ ላይ ይጣላል፤ ከሲንኩ ይልቅ ጀርም የሚራባው እሱ ውስጥ ነው። ተጨምቆ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይሰቀል፣ መሽተት ሲጀምር ይጣል። ሥጋ የነካው ስፖንጅ ሰሃን አይንካ።

መልስ 32. አንድ አባት የመጀመሪያውን መላሽ የሃይላንድ ወሬ አነሡ። ቤታቸው እንግዳ መጥቶ፣ ጠረጴዛ ሥር ያገኘውን ሃይላንድ ውሃ መስሎት ሊጠጣ ሲል ሽታው ነው ያዳነው። ልጅ ቢሆን ሽታውን አይጠብቅም። በረኪና ከራሱ ዕቃ አይገልበጥ፤ ከተገለበጠም በትልቁ ይጻፍበት፣ ልጅ የማይደርስበት ይቀመጥ። የጤና ባለሙያው አንድ ነገር ብቻ አከለ፤ የጠጣን ሰው ለማስመለስ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል፣ ጊዜ ሳይፈጁ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

መልስ 33 እና 34. የተበረዘ በረኪና ተርፎኛል፣ ለነገ ይሆነኛል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አይሆንም፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ማመን አይቻልም፣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይበጥበጥ ተባለ። ሲፎን ስንት እንደገባ የጠየቀ ሰውም አለ። እሱን እስካሁን የመለሰለት የለም።